ከሁሉ የምትበልጠዋ ጠገራ

ጠገራ ብር በፊቷ ነው የምትታወቀው። ብዙ ሳትነካ የቆየች እንደሆነ ላይዋ የተቀረጸችው ሴትዮ ጠጉር አንድ በአንድ ይለያል፤ ትከሻዋ ላይ ያለው ጌጥ ዘጠኝ ፈርጡን እንደያዘ ይታያል። ከእጅ ወደ እጅ ስትዞር የኖረች ከሆነች ግን ጠጉሩም ፈርጡም ይጠፋና ፊቷ የወንዝ ጠጠር ይመስላል። እኔ በሦስት መደብ ነበር የምለያቸው። ያልተነኩትን ልጃገረድ፣ ትንሽ የተበሉትን ወይዘሮ፣ ፊታቸው የጠፋውን ባልቴት እላቸው ነበር። ስሙን ያወጣሁት ለራሴ ጨዋታ ነው። ታላቅ ወንድሜ ሰምቶ ሰው በተሰበሰበበት «አንቺስ ከየትኛው መደብ ነሽ?» ብሎ ካሳቀብኝ ወዲህ ግን በስማቸው ጮክ ብዬ ጠርቻቸው አላውቅም። አላገባሁም፤ ያን ጊዜም ከዚያም ወዲያ።

የመጀመሪያዋን የሰጠኝ አባቴ ነው። ስምንተኛ ክፍልን አልፌ ከሮብ ገበያ ወደ ደብረ ማርቆስ ለትምህርት ልሄድ ስል በግ ሸጦ፣ ጋቢው ጫፍ ላይ ቋጥሮ አመጣልኝ። «መንግሥት በመጣ ቁጥር ወረቀቱን ይቀይራል፤ ይችን ግን ማንም አይቀይራትም። ለክፉ ቀን ያዣት» አለኝ። አባቴ ከብት ሲገዛ ሰው ለምርጫ የሚጠራው ዓይነ ጥሩ ገበሬ ነበር። የሰጠኝን ነገር እውነተኛነት መጠራጠር ለእኔ ነውር ነበር፤ ለዓመታትም አልጠረጠርሁም።

ትምህርቴን ጨርሼ እዚያው ደብረ ማርቆስ፣ አንድ ትምህርት ቤት ላቦራቶሪ ውስጥ ተቀጠርሁ። አንድ ቀን ገበያ ውስጥ አንዲት እናት ከአንገቷ የፈታቻቸውን ሁለት ጠገራ ስትሸጥ አግኝቼ ገዛኋቸው። የላቦራቶሪው ሚዛን ላይ ከአባቴዋ ጋር ሳስቀምጣቸው የአባቴዋ ቀለለች። ሚዛኑ የተበላሸ መስሎኝ ጠራርጌ ደገምሁት። ከዚያ ጠርዟን አየሁ። የሌሎቹ ጠርዝ ላይ ዙሪያውን ጽሑፍ አለ፤ የእሷ ልሙጥ ነው። ጥግ ላይ የተፋቀው ቦታም ቀልቷል። ብር የተቀባ መዳብ ነበረች። አንዱ የገበያ ሌባ የአባቴን በግ በልቶታል።

አልነገርሁትም። ምን ብዬ?

እንግዲህ መሰብሰቡ ከዚያ ወዲያ ነው የያዘኝ። ምናልባት የአባቴን ገበያ እኔ ላስተካክልለት ፈልጌ ይሆናል። ከደመወዜ የተረፈችውን ይዤ በሚኒባስ ደብረ ወርቅ ድረስ እሄድ ነበር፤ አንጥረኞቹ ዘንድ ቀድሜ ካልደረስሁ ጠገራው ቀልጦ ጌጥ ይሆናላ። ሴቶቹ ልጅ ሊያስተምሩ፣ በሬ ሊተኩ ከአንገታቸው እየፈቱ ያመጡታል። ብዙው ለማተብ ተበስቷል፤ የተበሳች ፊቷ ምንም ቢያምር ከልጃገረድ መደብ አትገባም። አናጢ ባለብዙ ክፍል ሣጥን ሠርቶልኝ ውስጡን ከፋይ ጨርቅ አለበስሁት። አላጥባቸውም፣ አልወለውላቸውም ነበር። የብር ጥቁረት ዕድሜው ነው፤ እሱን የፋቀ ፊቱንም አብሮ ይፍቃል። እናቴ ግን በመጣች ቁጥር አመድና ሎሚ ይዛ ትነሣለች፤ «ብር እንዲህ ጠቁሮ ይቀመጣል? ሰው ምን ይላል!» ትለኛለች። እጇን ይዤ ስለምናት ነበር የምውለው።

አባቴ ደብረ ማርቆስ ሲመጣ ሣጥኑን ያስከፍተኛል። ጥያቄው ሁልጊዜ አንድ ነው። «ከሁሉ የምትበልጠው የቷ ናት?» ይለኛል። እኔም ከልጃገረዶቹ መደብ፣ ከፊት ያስቀመጥኋትን የእሱን አወጣለታለሁ። መዳፉ ላይ ከፍ ዝቅ ያደርጋትና «እኔ እኮ ዓይቼ ነው የገዛኋት» ይላል። ውሸቴ ጣፋጭ ነበር። ሣጥኑን ከነመደቡ፣ ከነእሷ፣ እስከ ዕድሜዬ ፍጻሜ እንደነበረ ከማቆየት ሌላ ምኞት አልነበረኝም።

አባቴ ሞተ። በተዝካሩ ቀን ካህናቱ በልተው ጠጥተው ሊመርቁ ሲሉ፣ ሮብ ገበያ እህል የሚነግደው ያ ወንድሜ ድንኳኑ መሐል ተነሥቶ ቆመ። እኔ ጆግ ይዤ ጠላ እቀዳ ነበር።

«አባቶቼ፣ አባታችን መታሰቢያ ያስፈልገዋል» አለ። «እህቴ ዘንድ ያለው ጠገራ በሙሉ፣ አባዬ በእጁ የሰጣት ጭምር፣ ቀልጦ በስሙ ለደብራችን የብር መስቀል ይሠራል!»

ቀድሞ አንድ ቃል አልተነፈሰልኝም። እልልታው ድንኳኑን ሞላው። እናቴ እያለቀሰች አንገቴ ላይ ተጠመጠመች፤ «ተባረኪ፣ የአባትሽን ስም አስጠራሽው» አለችኝ። ከዚያ ወዲያ እምቢ የሚል አፍ ከየት ይመጣል? በእኛ አገር በካህናት ፊት፣ በሙት ስም «ይሰጣል» የተባለ ነገር እዚያው የእግዚአብሔር ይሆናል። ባለቤቱ ማን ነበር ብሎ የሚጠይቅ የለም።

ቢሆንም የንስሐ አባቴ ዘንድ ሄድሁ።

«አባ፣ ያንኑ የሚያህል ብር ከአንጥረኛ ገዝቼ ላምጣ፤ እነዚያ ይቅሩልኝ» አልኋቸው።

«ልጄ፣ የተባለው እሱ ነው። ሌላ ብታመጪ ሌላ ስጦታ ነው፤ ያኛው ዕዳ ሆኖ ይቀራል» አሉኝ። ክፉ ሰው አይደሉም። እሳቸውም ያዩት መስቀሉን ነው፤ እኔንስ ማን ያየኛል።

ወንድሜ የማዳበሪያ ጆንያ ይዞ ቤቴ መጣ። ሣጥኑን እንዳለ ደፋው። ልጃገረዶቹም ባልቴቶቹም እየተፋጩ አንድ ላይ ወረዱ፤ በዓመታት የለየሁት በአንድ ትንፋሽ ተደባለቀ። «ቀስ በል፣ ጋሼ!» ብዬ ጮህሁ። «ለሚቀልጥ ነገር? ብር ብር ነው» አለኝ። ያኔ ጠላሁት፤ አሁንም መጥላቴን ጨርሼ አልተውሁም።

«የአባዬስ?» አለ።

እጄ ውስጥ ነበረች። መዳብ ናት ብል ትቀርልኝ ነበር፤ ከሁሉም እሷ ብቻ ትቀርልኝ ነበር። ግን ከብት መራጩ ሰውዬ በአንድ በግ ተታለለ፣ ልጁም እያወቀች ስትሸነግለው ኖረች ሊባል ነው፤ ለዚያውም መቃብሩ ሳይደርቅ። ሰጠሁት።

ከሳምንታት በኋላ ወንድሜ ከአንጥረኛው ዘንድ ሲመለስ በቤቴ በኩል አለፈ። እየሳቀ ነው የገባው። አንዲቱን ጠገራ ጠረጴዛዬ ላይ ወረወራት። ጠርዟ በሞረድ ተፍቆ ቀይ ሆኗል።

«አንጥረኛው መልሶ ሰጠኝ። መዳብ ናት! የሰበካ ጉባኤ ሰዎች ሁሉ ቁመው እያዩ! አባዬን አንዱ ሸውዶታል» አለ። «አንቺስ? ይህን ያህል ዘመን ስትለዪ ከርመሽ አላወቅሽም?»

«አላወቅሁም» አልሁት።

ወሬውን እየዞረ ሲያወራው ከረመ። ጠላ ቤት ገብቶ የአባቴን በግ ነገር ያላነሣበት ቀን የለም። ያንኑ አባቱን መታሰቢያ ያስፈልገዋል ብሎ የኔን ሣጥን ያራገፈው ሰው ነው።

መስቀሉ ለንግሥ ወጣ። ያብረቀርቃል፤ ጥቁረት የሚባል ነገር የለበትም። እጀታው ላይ የአባቴ ስም ተቀርጿል፤ ከሥሩ «ያሠራው» ተብሎ የወንድሜ። ካህኑ ለማሳለም ወደ ሴቶቹ ሲመጡ እናቴ በክርኗ ጎሸም አደረገችኝ። ተሳለምሁ፤ የት ጋ የትኛዋ እንዳለች የሚለይበት መንገድ አልነበረም።

ማታ ቤቴ ገብቼ ሣጥኑን ከፈትሁ። ከፋዩ ላይ የተቀመጡበት ጉድጓድ በየክፍሉ እንዳለ ነው። የተፋቀችዋ መዳብ ከፊት፣ ከልጃገረዶቹ መደብ፣ ከድሮ ቦታዋ አለች። አባቴ አሁን መጥቶ ከሁሉ የምትበልጠው የቷ ናት ቢለኝ እሷኑ አወጣለታለሁ፤ አልዋሸውም።