የተቆረጠው ምርቃት

አባቴ ምርቃት ያውቅበታል። ልጁ ስለሆንኩ አይደለም ይህን የምለው፤ ከማክሰኝት እስከ አዘዞ ሰርግ የደገሰ ሁሉ ይመሰክርለታል። ድንኳን ውስጥ ጋቢውን አስተካክሎ ሲነሳ ጫጫታው በራሱ ጊዜ ይረግባል። መጀመሪያ ክፉውን ያባርራል። "ክፋታችሁን የሚመኝ እንደ ጉም ይብነን፤ ደጁ ይዘጋ፤ የዘራው አይብቀልለት" ይልና ትንፋሹን ሰብስቦ ወደ ሙሽሮቹ ይዞራል። ዋናው ምርቃት የሚወርደው ከዚያ በኋላ ነው፦ ውለዱ፣ ክበዱ፣ ጎተራችሁ አይጉደል፣ እንግዳ ከደጃችሁ አይጥፋ። በእሱ ሥርዓት መጀመሪያ ቤቱ ይጠረጋል፣ ከዚያ በረከት ይገባል።

የእኔ ሥራ ሰርግ መቅረጽ ነው። ፒያሳ አንዲት ጠባብ ስቱዲዮ ነበረችን። "ነበረችን" የምለው ከጓደኛዬ ጋር ስለከፈትናት ነው። ጓደኛዬ አባቱ በልጅነቱ ስለሞተበት እኛ ቤት ነው ያደገው ማለት ይቻላል፤ ከእኔ ጋር ከአንድ ትሪ በልቷል፣ ሲያጠፋም ከእኔ እኩል ተቆንጥጧል። እኔ እቀርጻለሁ፣ እሱ ኤዲት ያደርጋል፤ ኢንተርኔት ላይ ያለውን ቻናላችንንም የሚይዘው እሱ ነው። አባቴ ከዚህ ሁሉ ጣጣችን የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ይህ ልጅ ሲያገባ ተነስቶ መመረቅ። "የሱን ሰርግ ሳልመርቅ አልሞትም" ይል ነበር፣ ሰው ፊት ሳይቀር።

የአባቴን ምርቃት ቻናሉ ላይ ስንጭን ሁለታችንም ደስ ብሎን ነበር። ሙሉውን ነበር የጫንነው። የሚያየው ግን ጠፋ። "ምርቃት" ብሎ ለሚፈልግ ሰው እንኳ ከስንት ዘፈንና ቀልድ ሥር ተቀብሮ ነው የሚገኘው። አንድ ቀን ጓደኛዬ ኮምፒውተሩን ወደ እኔ አዞረና፣ ተመልካች የት ላይ ሲደርስ ትቶ እንደሚሄድ የሚለካውን መስመር አሳየኝ። አባቴ ወደ ሙሽሮቹ ሲዞር መስመሩ ቁልቁል ይወርዳል። ክፉውን የሚያባርርበት ቦታ ላይ ግን ጉብ ብሏል።

"እዚች ጋ እየመለሱ ደግመው ያዩታል" አለኝ። "ሰው አሜን ለማለት ትዕግሥት የለውም።"

ሳቅሁ። እውነት ለመናገር ጥሩ ቀልድ መስሎኝ ነበር።

ከዚያ ለአንድ ሰርግ ወደ አይከል ወጣሁና ኔትወርክ እንደ ልብ በሌለበት ጥቂት ሰነበትኩ። ስመለስ ሰው ሁሉ በሐዘኔታ ያየኛል። የሰፈራችን ባለሱቅ ዳቦ እየሰጠችኝ "አይዞህ፣ አባት ጨክኖ አይቀርም" አለችኝ። ምን እንደምትል ግራ ገባኝ። ቤት ገብቼ ከአባቴ ጋር ምሳ ቀርበን ሳለ ከማክሰኝት የመጡ ሽማግሌዎች ነጠላቸውን አጣፍተው በራችን ላይ ቆሙ። ግቡ ቢባሉ እንቢ አሉ።

"ካልታረቃችሁ አንቀመጥም።"

"ማንና ማን?" አለ አባቴ። ሊያጎርሰኝ የጠቀለለው ጉርሻ እጁ ላይ ነበር።

"አረ ምነው አያ! የወለዱትን ይረግማሉ? ያውም አንድ ልጅዎን!"

አንደኛው ሽማግሌ ከካፖርቱ ኪስ ስልክ አወጣ። የእኛው ቻናል ነው። "አባት አንድ ልጁን በሰው ፊት ረገመው!" ይላል ርዕሱ፣ በትልልቅ ቀይ ፊደል። ሲከፈት አባቴ ፊቱን አኮሳትሮ "እንደ ጉም ይብነን፤ ደጁ ይዘጋ፤ የዘራው አይብቀልለት" ይላል፤ አበቃ። "ክፋታችሁን የሚመኝ" የምትለው የለችም። ሙሽሮቹም የሉም። ለማማለያ ከፊት የተለጠፈው ፎቶ የእኔ ነው፤ የካሜራውን እግር ለማጥበቅ ያጎነበስኩበት። በቀይ ክብ ሲከቡኝ እርግማን የወረደብኝ ልጅ መስያለሁ።

እየማልኩ አስረዳኋቸው። የሚበዙት አመኑኝ። ባለስልኩ ሽማግሌ ግን "ሸጋ ልጅ፤ ያባቱን ገመና ይሸፍናል" ብሎ አመሰገነኝ። አባቴ ያለውን ደግሞ አልረሳውም። "ልጁ ተሳስቶ ነው" አለ ለጓደኛዬ ተቆርቁሮ። "ማሽኑ ቆርጦበት ይሆናል።"

ማሽን! ስቱዲዮ ድረስ እየነደድኩ ሄድኩ። አጥፋው አልኩት። ዓይኔን እንኳ ሳያየኝ "ሰው ያየልን ይህን ብቻ ነው" አለ። "ደግሞ ሌሎችም ገልብጠው ጭነውታል፤ እኔ ባጠፋው ማን ያጠፋዋል?" የቻናሉን ፓስዎርድም ቀይሮታል። ሙሉውን ምርቃት በራሴ ስልክ፣ በሌላ ቻናል ጫንኩት። ካዩት ጥቂት ሰዎች አንዱ "እሰይ፣ ታረቁ ማለት ነው" ብሎ ጻፈልኝ። የአባቴን ምርቃት የሚፈልግ ሰው አሁንም መጀመሪያ የሚመጣለት እርግማኑ ነው።

አባቴ ሰርግ መጠራቱ አልቀረም፤ ተነስተህ መርቅ መባሉ ቀረ። እኛ አገር ልጁን የረገመ አፍ ሙሽራ አይመርቅም። ይህን ፊት ለፊት የሚነግርህ የለም፤ ዝም ብለው ሌላ ሰው ያስነሳሉ። አባቴ ከየሰርጉ እንደ እንግዳ በልቶ ይመለሳል። የሚጽናናው በጓደኛዬ ነበር። "እሱ እንኳ እውነቱን ያውቃል" ይለኛል። ይህን ሲል ከቤት ወጥቼ መሄድ ያምረኛል።

ከጓደኛዬ ጋር ከተኳረፍን ሰንብተን ሳለ የራሱን ሰርግ መጥሪያ ይዞልኝ መጣ።

"አባባ ይምጡልኝ" አለ። "ግን የእጮኛዬ ቤተሰቦች ቪዲዮውን አይተዋል። በረገመ አፍ ልጃችንን አናስመርቅም ብለዋል።"

"ውሸት መሆኑን ንገራቸዋ!"

"እኔ ነኝ የቆረጥኩት ብዬ? ልጃቸውን ይሰጡኛል?"

አንገቱን ላንቀው ምንም አልቀረኝም። የሰው ሥራ የሚሰርቅ፣ ስም የሚያጠፋ ብዙ አይቻለሁ፤ ሥራችን ውስጥ ሞልቷል። ለራሱ ውሸት ብሎ ያሳደገውን ሰው ወንበር ላይ የሚያስቀር ግን ያየሁት እሱን ነው። ለአባቴ ሁሉንም ነገርኩት፤ ባትሄድስ ብዬ ለመንኩት። "ምነው፣ የልጄ ሰርግ እኮ ነው" አለና ካፖርቱን አስተኮሰ። የነገርኩትን ከቁጣዬ ቆጠረው።

ሰርጉ አዘዞ ነበር፣ ከቤታችን ብዙም ሳይርቅ። የምርቃቱ ሰዓት ሲደርስ አባቴ የተጠራ ያህል ብድግ አለ። አስተናባሪው የሌላ ሽማግሌ ስም ጠራ። አባቴ ወንበሩን ለማስጠጋት የተነሳ መሰለና መልሶ ተቀመጠ። ቢሆንም አሜን አለ፤ በድንኳኑ ካለው ሰው ሁሉ ጮክ ብሎ። ሙሽሮቹ የሽማግሌዎችን ጉልበት እየሳሙ ወደ እኛ ሲጠጉ፣ ሊመርቃቸው እጁን ከፍ አድርጎ ጠበቃቸው። ሙሽራዋ አየችውና ወደ ባሏ ዞረች። ጓደኛዬ ክንዷን ያዝ አድርጎ ወደሚቀጥለው ሰው አሳለፋት። ቀና ብሎ አላየንም።

ቤት እስክንደርስ በባጃጅ ነው የሄድነው።

"ዛሬ እንኳ መራገም ነበረብኝ" አለ አባቴ። "አፌ እንቢ አለኝ።"

የእኔ አፍ እንቢ አላለኝም። ሾፌሩ እየሰማ፣ ያንን ወንድሜ የምለውን ሰው በስሙ ጠርቼ፣ ከአባቴ በተማርኩት ቃል ሁሉ ረገምኩት፤ አባቴ እያለቀሰ አፌን በመዳፉ እስኪይዘኝ ድረስ።