በክንዴ ርዝመት የገባሁበት ክፍል

በደርግ ጊዜ ደሴ ውስጥ ልጅ ለትምህርት መድረሱ የሚታወቀው በክንዱ ነበር። ቀኝ እጁን በአናቱ ላይ አሻግሮ ግራ ጆሮውን ከነካ ይገባል፤ ካልነካ ለከርሞ ይመለሳል። በሰፈራችን የተወለደበት ቀን የተጻፈለት ልጅ የት ተገኝቶ!

እናቴ ታዲያ «ለከርሞ» የሚባል ነገር አትወድም። ክረምቱን ሙሉ ጠዋት ጠዋት ክንዴን ቅቤ እየቀባች ስትስብ፣ እኔም ስጮህ ከረምን። የምዝገባው ዕለት ጆሮዬን መንካት ብቻ ሳይሆን ጨብጬ ጎተትኩት። «አልሐምዱሊላህ!» አለች እናቴ፣ ሰልፈኛው ሁሉ እስኪዞር።

አንደኛ ክፍል ግን መቀመጫ የለም። ገሚሱ በወንበር ተደራርቦ፣ ገሚሱ በድንጋይ ላይ፣ የዘገየው ደግሞ ውጭ ቆሞ በመስኮት ይማራል። መምህራችን ስም ጠርተው ሳይጨርሱ ደወሉ ይደወላል። በሳምንቱ ካኪ ለባሹ ርዕሰ መምህር መፍትሔ ይዘው መጡ። ሁለተኛ ክፍል ቦታ ስላለ፣ ጆሮውን የነካ እዚሁ ይቆይ፤ የጨበጠ ግን ወደዚያ ይዛወር! በስብሰባ ተወስኗል ተባለ። በስብሰባ የተወሰነ ነገር ደግሞ ያን ጊዜ ስህተት አይሆንም።

እንዲህ አድርጌ «ሀ»ን ሳላውቅ አንደኛ ክፍልን ጨረስኩ። እናቴ ወሬውን ፒያሳ ድረስ አደረሰችው። እኔ ሰሌዳው ላይ ያለውን እንደ ሥዕል እየገለበጥኩ፣ ማንበብ ሲመጣ አንገቴን እየደፋሁ፣ ፊደል ሳልለይ ልቀር ነው ብዬ እፈራ ነበር። የእሷን ደስታ እያየሁ እንዴት ልንገራት?

በዚያው ሰሞን ቀበሌው እናቴን መሠረተ ትምህርት አስገባት። አንድ ቀን ከሰዓት የፊደል ገበታዋን ዘርግታ ጠራችኝ።

«ነይ እስቲ የኔ ተማሪ፣ ይቺ ማን ናት?»

እንባዬ ቀደመኝ። «እማ፣ እኔም አላውቃት።»

ገበታዋን ጠቅልላ ብድግ አለች። መመታቴ ነው አልኩ።

«አብሽሪ» አለችና እጄን ይዛ ቀበሌ ወሰደችኝ። አስተማሪው ልጅ እዚህ አይገባም ቢላት፣ ዓይኗን በጨው አጥባ፣ «ልጄ ሁለተኛ ክፍል ናት፤ እኔን ልታስጠናኝ ነው የመጣች» አለችው።

ከጎኗ ተቀመጥኩ። አስተማሪው «ሀ» ሲል ከሴቶቹ ሁሉ በላይ ጮህኩ። እናቴም የእኔ ድምፅ እንዳይለይ ከእኔ በላይ ጮኸች።