ጀልባዋን የጎተተችው ላንድሮቨር

መኪና መምረጥ የእኔ ሥራ አልነበረም። ዕድሜዬን ሙሉ ደሴ ውስጥ በርና መስኮት ስሠራ የኖርኩ አናጢ ነኝ። ከመኪና ጋር ያለኝ ትውውቅ ተሳፍሮ መውረድ ብቻ ነው። ግን ልጄ ለመነችኝ።

ልጄ ያገባችው ሐይቅ ነው፤ ባሏ ዓሣ አስጋሪ ነው። መንግሥት በተለወጠ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የባሏ ታናሽ ወንድም ከታንኳ ወድቆ ውሃው ወሰደው። ከዚያ ወዲህ ባሏ መረቡን ይዞ በወጣ ቁጥር፣ እስኪመለስ ድረስ እህል በአፏ አይዞርም። በመጨረሻ የብረት ጀልባ ይሠራ ተባለ፤ ሰፊ፣ በቀላሉ የማይገለበጥ። ኮምቦልቻ ያለ አንድ በያጅ ከላሜራ ሠራት፤ ከአሮጌ መኪና ጎማና አክሰልም ተሳቢ አበጀላት። የቀረው ማምጣት ነበር። ያን ጊዜ ልጄ ደሴ ቤቴ ድረስ መጣች።

«አባዬ፣ እሱ ችኩል ነው፤ ያገኘው መኪና ላይ ነው የሚያስራት። መኪናውን አንተ ምረጥ። ጀልባዋ ብትቀርም ትቅር፣ እሱን በደህና አምጣልኝ።»

«አመጣልሻለሁ» አልኳት። ይህን ቃል ቀለል አድርጌ አልተናገርኩትም።

ከአማቼ ጋር ኮምቦልቻ ወረድን። በያጁ ደጅ መጀመሪያ የመጣው ባለአይሱዙ ነው፤ ፀጉሩን ቅባት የቀባ ጎረምሳ።

«አባባ፣ ዓይንዎን ጨፍነው ሲገልጡ ሐይቅ ነዎት» አለኝ።

«ልጄ፣ እኔ የምፈልገው ዓይኔን ሳልጨፍን የሚያደርሰኝን ነው» ብዬ አሰናበትኩት።

ቀጥሎ የመጣችው አዲስ ፒክአፕ ናት፤ ታበራለች። ከተሳቢዋ ጋር ስትያያዝ ኋላዋ ተቀምጦ የፊት ጎማዋ ሊነሳ ምንም አልቀረውም። በያጁ ሆዱን ይዞ ሳቀ። «እሷን ጀልባዋ ላይ ጭነን ብንጎትት ይሻላል!» አለ። ባለፒክአፑ ተቆጥቶ ሄደ።

ትራክተርም አየን። ነጂው እውነተኛ ሰው ነበር። «ስለ ዳገቱ አይስጉ፤ እስከ ደሴ አወጣታለሁ። ከደሴ ወዲያ ቁልቁለት ነው፤ ያን ጊዜ ጎታቿ እኔ ልሁን ወይ እሷ ትግፋኝ፣ አላውቅም» አለኝ። አመሰገንኩት። አማቼ ግን ትዕግሥቱ አለቀ።

«አባባ፣ ሚስት የሚመርጡ ነው እኮ የሚመስሉት!»

«ሚስትህ ናት የላከችኝ» አልኩት።

ያን ጊዜ ነው ደሴ ሰኞ ገበያ አጠገብ የሚኖረው ባለላንድሮቨር ትዝ ያለኝ። የእኔ እኩያ ነው፤ ቤቱን ስሠራለት ነው የተዋወቅነው። ደሴ ሆስፒታል ያረፈ ሰው ወደ ገጠር አገሩ የሚመለሰው ብዙ ጊዜ በእሱ መኪና ነበር። ጎኗ በቆርቆሮ የተደፈነ፣ ከኋላ መስኮት የሌላት አሮጊት ላንድሮቨር ናት። ሰውየው ግን ጉድጓድ ሲያይ አራስ ቤት እንደሚገባ ሰው ቀስ ይላል። ሄጄ ስለ ፍሬኑ ጠየቅኩት።

«ወላሂ፣ እኔ የምጭነው ሰው ቸኩል ብሎኝ አያውቅም» አለኝ። «ፍሬኔም እንደ እኔ ነው፤ አብሽር።»

ከዚህ የተሻለ ከየት ይገኛል? መረጥኩት፤ አብረን ወደ ኮምቦልቻ ወረድን። ልቤም አረፈ።

ጀልባዋ ቀለሟ ገና ስለነበረ አቧራ እንዳይዛት በሸራ ጠቅልለን ግጥም አድርገን አሰርናት። ተሳቢዋ ስትያያዝ የጀልባዋ አፍንጫ የኋላውን በር ዘጋው። አማቼ በፊት ወንበር ላይ ተንፏቅቆ ወደ ኋላ ገባ፤ በበሩ ቀዳዳ ገመዱን ሲጠብቅ ሊሄድ ነው። እኔ ከፊት ተቀመጥኩ። መስኮቱ አይዘጋም ነበርና ዳገቱን ስንወጣ የደሴ ብርድ ሲቀበለን ጋቢዬን እስከ አፍንጫዬ ተከናነብኩ።

ደሴን ስናቋርጥ በመንገዱ ዳር የተቀመጡ ሰዎች ተነሡ። ባርኔጣ የሚያወልቅም ነበር።

«የደሴ ሰው ለጀልባ ይህን ያህል ክብር አለው?» አልኩት ባለላንድሮቨሩን።

«ለእኔ መኪና ሁልጊዜም ይነሣሉ፤ ለምደዋል» አለኝ። ሳቅን። እግዜር ይቅር ይበለን፣ ሳቅን።

ቁልቁለቱን ስንጀምር አንድ ሚኒባስ ቀደመን። የልጄ ጎረቤት የሆነች ሴት ከገበያ ስትመለስ ተሳፍራበታለች። አየችኝ። እጇን ደረቷ ላይ ጣለች፤ አፏን ከፈተች። ጀልባዋን አይታ የተደሰተች መሰለኝና አንገቴን ዝቅ አድርጌ እጅ ነሣኋት።

ወደ ሐይቁ የሚያስገባው የጥርጊያ መንገድ ጋ ስንደርስ ዋይታ ሰማን። ባለላንድሮቨሩ ሞተሩን አጠፋ። «ለቅሶ አለ፤ እስኪያልፉ እንቁም» አለ። እኔም ክፉኛ ደንግጬ ወረድኩ፤ የዚያ አገር ሰው ዘመዴ ነው። ሰው መንገዱን ሞልቶታል። ወንዶቹ ወደ እኔ መጡ፤ አንዱ ትከሻዬን ይዞ ያለቅስ ጀመር።

«ማን ሞተ?» አልኩት።

«አይዞዎት፣ አይዞዎት» አለኝ። ሐዘኑ አእምሮዬን የነሣኝ መስሎታል። «አስቀምጧቸውና ውሃ ስጧቸው» አለ ሌላው።

ያኔ ልጄን አየኋት። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አደግድጋ፣ ፊቷን ነጭታ፣ ደሙ እስከ አንገቷ ወርዶ። እያለቀሰች ትገጥማለች፦

«ውሃ ስፈራለት መንገድ በላብኝ፣
አባቴን ብልከው ሬሳ አመጣልኝ።»

ሰማይ የተደፋብኝ መሰለኝ። ሁሉም ነገር ባንድ ጊዜ ገባኝ፤ መኪናዋ፣ ሸራው፣ የተከናነብኩት ጋቢ፣ ሚኒባስ ውስጥ ያለችው ሴት። «አልሞተም» ልል አፌን ከፈትኩ፤ ምላሴ እንጨት ሆነ።

ከመኪናው ውስጥ ተንኳኳ።

ለቅሶው ቀጥ አለ። እንደገና ተንኳኳ፤ ቆርቆሮው በቡጢ ሲመታ። ሴቶቹ ጮኸው እንደ ዶሮ ተበተኑ። ከወንዶቹም የሸሸ አለ፤ ስሙን አልጠራም። የሬሳ መኪና ከውስጥ ሲንኳኳ ማን ይቆማል? አማቼ በሩ አልከፈት ብሎት፣ የራሱን ሙሾ አንድ ሳይቀር ሰምቶ፣ በፊት ወንበር ላይ በደረቱ ተስቦ ወጣ። የመንገዱ አቧራ ከጠጉሩ እስከ እግሩ አመድ አስመስሎታል።

ልጄ ወደ ኋላ ሸሸች። «በስመ አብ! በስመ አብ!» እያለች አማተበች፤ ከባሏ ሸሸች። እሱም ደርቆ ቆመ። «እኔ ነኝ» የሚላት ድምፅ የሌላ ሰው ይመስል ነበር። ቀስ ብላ ተጠጋች። እንደ ዓይነ ስውር በሁለት እጇ ፊቱን ዳሰሰች፤ ጆሮውን፣ አንገቱን። ከዚያ በጥፊ መታችው፣ አቀፈችውም። ወደ እኔ ስትዞር ያየችኝን አስተያየት እስከ ዛሬ ልገልጸው አልችልም። ቁጣ አይደለም።

አንድ ሽማግሌ ሸራውን ገለጥ አድርገው አዩ።

«እናንተ ሰዎች፣ ለቀብር ጠርታችሁ ጀልባ ልታሸክሙን ነው?»

ሳቅ ይሁን ለቅሶ ያልለየ ነገር ተነሣ። እውነትም ወደ ውሃው የሚያወርደው መንገድ ረግረግ ነበርና ተሳቢዋ አትገባም። ለሬሳ የመጣው ትከሻ ጀልባዋን ተሸከመ። እኔ ከኋላ፣ የባለላንድሮቨሩን ክንድ ይዤ ተከተልኩ።

ውሃው ላይ ሲያሳርፏት አማቼ ሊገባ እግሩን አነሣ። ልጄ ቀደመችው። ሐይቁ ውስጥ እግሯን ነክራ የማታውቀው ልጅ፣ ነጠላዋን እንዳደገደገች ገብታ ተቀመጠች።

«ምን ልታደርጊ ነው?» አላት።

«አንዴ አልቅሼልሃለሁ። ሁለተኛ ዳር ቆሜ አልጠብቅም። ቅዘፍ!»

ቀዘፈ። ከዳር እየራቁ ሄዱ። እሷ በጎን ጎንበስ ብላ ውሃውን በእፍኟ እየዘገነች የፊቷን ደም ታጥባለች። ጀልባዋ ወደዚያ ስታዘነብል የእኔ ልብ አብሮ ያዘነብላል።

«አብሽር» አለኝ ባለላንድሮቨሩ። ዓይኔን ከእነሱ ላይ ማንሣት አልቻልኩም።