«ቀድቼዋለሁ፣ እምዬ»

ባለፈው ሳምንት ሐሙስ... የአባቴን ተዝካር አወጣን። ወረታ፣ ግቢያችን ውስጥ ዳስ ጥለን፣ የፎገራ ካህን ሁሉ ተሰብስቦ። አባቴ መሪጌታ ነበሩ፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ቅኔ ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው።

እኔም አስተማሪ ነኝ፣ የሁለተኛ ደረጃ። በዚያው ሳምንት ሰሌዳውን በስልክ ፎቶ የሚያነሱ ተማሪዎቼን «የምትፈተኑት እናንተ ናችሁ ወይስ ስልኩ? ልብ ብላችሁ ስሙ!» ብዬ ልክ ልካቸውን ነግሬያቸው ነበር። ይቺን ያዙልኝ።

ምሳ ተበልቶ ሲያበቃ ከይፋግ የመጡ ሽማግሌ የቅኔ መምህር ተነሱ። የአባቴ የልብ ወዳጅ ናቸው። እኔ ከአባቴ እግር ሥር ቅኔ ስቆጥር ያደግሁ ነኝ፣ ግዕዙ አይጠፋኝም። ግን ስልኬን አወጣሁና መቅረጽ ጀመርኩ።

የፀሐዩ ብርሃን ከኋላቸው ነው... ወደ ጎን ዞርኩ። አንዱ ጭንቅላቱን ደቀነብኝ... ገፋ አደረግሁት። መሐል ላይ ሰዉ ሁሉ ዞሮ እናቴን ያይ ጀመር፤ እኔ ቀረጻዬን አበላሹብኝ ብዬ ተናደድኩ። ከቅኔው አንዲት ቃል ጆሮዬ አልያዘም። ምን አስቸኮለኝ፣ በኋላ እሰማዋለሁ።

እንግዳው ተሸኝቶ ሲያልቅ እናቴ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። እናቴ ግዕዝ አታውቅም። እሁድ እሁድ አባቴ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ «ዛሬስ ምን ተቀኙ?» ትላቸዋለች፤ እሳቸውም ምሳቸውን እየበሉ ይፈቱላታል። እንዲህ ሲሉ ነው የኖሩት።

«ልጄ፣ ምን አሉ?» አለችኝ።

«ቀድቼዋለሁ፣ እምዬ።»

«እሱንማ አይቻለሁ። ምን አሉ ነው የምልህ?»

«ቆዪ» ብዬ ወደ ጓሮ ዞርኩና ከፈትኩት። ቀረጻው ላይ የጎረቤት የሩዝ መፈልፈያ ሞተር ያጓራል... የመምህሩ አፍ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፃቸው ግን አይሰማም። ጥርት ብሎ የሚሰማው የእኔው ድምፅ ብቻ ነው፦ «እስቲ ዞር በሉልኝ!»

ተመልሼ እውነቱን መናገር ነበረብኝ። አፈርኩ... የመሪጌታ ልጅ ሆኜ የአባቴን ተዝካር ቅኔ አልሰማሁም ልበላት? ዋሸሁ። «ዋርካው ወደቀ፣ ወፎቹ ተበተኑ ነው ያሉት» አልኳት። ስለሞተ መምህር ሁሉ የሚባል ነገር። ደግሞ አሳምሬ ነው የዋሸሁት፣ ሰምና ወርቁን ሳይቀር ለይቼ።

እስክጨርስ ሰማችኝ።

«የነፍስ አባታችን ግን ሌላ ነው የነገሩኝ» አለች ቀስ ብላ። «ሰዉ ሲያየኝ ጊዜ ደንግጬ ጠየቅኋቸው። መብራቱ ጠፋ ብላችሁ ታለቅሳላችሁ፣ ዘይቱን ስትጨምር የኖረችው ግን ይችውላችሁ ተቀምጣለች... ነው ያሉት አሉኝ። ያን ሁሉ ተማሪ ስመግብ መኖሬን ነው።»

«ታዲያ ካወቅሽ ለምን ጠየቅሽኝ?»

«እንደ አባትህ አንተ ስትፈታልኝ ልስማው ብዬ ነዋ።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ የሰው ቅኔ ስትጠይቅ ኖራ የራሷ ሲመጣላት... እኔ ስለ ዋርካ አወራሁላት። አልተቆጣችኝም። ነጠላዋን አስተካክላ ተነሳችና ሰሃን ልትሰበስብ ሄደች። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ቪዲዮው አሁንም ስልኬ ላይ አለ። ዳሱ ሙሉ ሰው ዞሮ እናቴን ያያል... ያላያት የሚቀርጸው ሰው ብቻ ነው።

ሰኞ ክፍል ስገባ ልጆቹ እንደ ልማዳቸው ሰሌዳውን ፎቶ ያነሳሉ... ዝም አልኳቸው።