ቅርፊታሙ የወንድሜ ውሻ

ወንድሜ ከጅዳ ተባርሮ ወደ ሐይቅ ከተማ ሲመለስ ሰው ማየት ጠልቶ ክፍሉን ዘግቶ ይውል ነበር። ከዚያ ክፍል ያስወጣው ውሻ ነው። ሰፈራችን ተከራይቶ መንገድ ሥራ ላይ የነበረ አንድ ፈረንጅ የሰሜኑ ጦርነት ሲቃረብ ወደ አገሩ ሊሄድ ሆነና፣ ወርቃማ ጸጉር ያለውን ንጹሕ ዝርያ ውሻውን ሰጠው። እናታችን "ውሻ ካለበት ቤት መላኢካ አይገባም" ብላ ማደሪያውን ግቢው ጥግ አሠራችለት።

ትንሽ ቆይቶ ከውሻው ገላ የዓሣ ቅርፊት የመሰለ ነገር ይረግፍ ጀመር። ጎረቤት ሁሉ "እከክ ነው፣ ልጆቻችንን ሳይዝ ይገደል" አለ። ከወንድሜ ጋር በባጃጅ ጭነን እንስሳት ክሊኒክ ወሰድነው። ሐኪሟ ቆዳውን ፍቃ በማይክሮስኮፕ አየች።

"ተባይ የለበትም። ከእናት ከአባቱ የወረሰው ነው፤ አይጋባም" አለችን። "ዝርያው እንዳይደባለቅ ሲሉ ዘመድን ከዘመድ ያዳቅላሉ፤ ያኔ ተደብቆ የኖረው ሕመም ይወጣል። አይድንም። ግን እያጠባችሁ ዘይት ከቀባችሁት ተመችቶት ይኖራል። ብቻ እንዳይወልድ።"

ይህንን የሰማች ክርስቲያን ጎረቤታችን "ወላጆቹን ሰባት ቤት ሳይቆጥሩ አጋብተዋቸዋላ" አለች። ወንድሜ ከተመለሰ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቅ ያየሁት ያን ዕለት ነው።

ጦርነቱ ከተማችን ሲደርስ በእግራችን አርዲቦ ሐይቅ ዳር ወዳለችው አክስታችን ሸሸን። ውሻውም ተከተለን። ግቢዋ በተፈናቃይ ሞልቶ ነበር። አንድ ሽማግሌ ውሻውን አይተው "ይኼ በሽታ ይጨርሰናል፤ አባሩት" አሉ።

ወንድሜ አንገቱን ደፋ። እናቴ ግን ከሻርፗ ሥር ሁልጊዜ የምትደብቀውን እጇን አወጣች። እስከ ክርኗ ለምጽ ነው።

"አባባ፣ ይኼን ይዩት" አለች። "ልጅ ሳለሁ ይጋባል ብለው ከእጄ ውሃ የሚቀበለኝ አልነበረም። ባሌን አልያዘውም፣ ልጆቼንም አልያዛቸውም። ይኼም ፍጡር አላህ የሰጠውን ቆዳ ለብሶ ነው የመጣ።"

ሽማግሌው እጇን አይተው "አፉ በይኝ ልጄ" አሉ። በማግስቱ ውሻው የሚቀባው የኑግ ዘይት በብርጭቆ ይዘው መጡ።

ስንመለስ ቤታችን ተዘርፎ ነበር፤ ግን ሁላችንም በሕይወት ነበርን። ኋላ አንድ የደሴ ሰው ውሻውን ለማዳቀል ጠይቆ ወንድሜ እምቢ አለው። አሁን ሐኪሟ የውሾች ክትባት ስትሰጥ የሚያግዛት እሱ ነው፤ በራሱም ሆነ በውሻው የቆዳ ነገር የገጠመው ሰውም መጀመሪያ የእኛን በር ያንኳኳል።