እናቴ የተዋሰችው ቀሚስ

የአባቴን መርዶ ሁለት ጊዜ ነው የሰማሁት። መጀመሪያ በስህተት፣ ቀጥሎ በወጉ።

ያኔ አሶሳ የክልል ከተማ ከሆነች ብዙም አልቆየችም። የመሥሪያ ቤቶቹ ታፔላ ገና ቀለሙ አዲስ ነው፤ ከታፔላው ጀርባ ያለው ግን ያው የድሮው ጭቃ ቤት ነው። ክልሉ አስተማሪ፣ ጸሐፊ፣ የጤና ሠራተኛ ስላጣ ማትሪክ ያለፈ ልጅ ሥራ ፈቶ አይቀመጥም ይባል ነበር። አባቴ ይህን ከገበያ ሰምቶ መጣና ከዚያ ወዲያ ሌላ ወሬ አልነበረውም። እኛ በደርግ ጊዜ ከወሎ የመጣን ሰፋሪዎች ነን፤ መንደራችን ስም እንኳ የላትም፣ በቁጥር ነው የምትጠራው። ከዚያች መንደር አሥራ ሁለተኛ ክፍል የደረስኩ ሴት እኔ ብቻ ነበርኩ። ቅዳሜ ቅዳሜ አባቴ የማሽላ ዱቄትና ሽሮ በአህያ ጭኖ ከተማ ወደተከራየሁበት ቤት ይመጣል። "ታነቢያለሽ?" ይለኛል። አነባለሁ እለዋለሁ። ይሄዳል።

ፈተናው ሊደርስ ሲል አንድ ቅዳሜ በእሱ ፈንታ አጎቴ መጣ። አባትሽ ዘር ደርሶበት ነው አለኝ። አጎቴ ሲበዛ ኮስታራ ሰው ነው፤ የዚያን ቀን ግን ለማያስቀው ሁሉ ይስቃል። ዱቄቱም ከወትሮው በዝቷል። አብራኝ የምትኖረው የአሥረኛ ክፍል ልጅ ከዚያ ቀን ጀምሮ ውሃ አላስቀዳ አለችኝ። ከጎጃም ተመድቦ የመጣው የክፍላችን ኃላፊ መምህር የእጅ ሰዓቱን ፈትቶ "ለፈተናው ያስፈልግሻል" ብሎ አሰረልኝ። እኔ ሰው ሁሉ ለጉብዝናዬ የተጨነቀልኝ መስሎኝ ኮራ ብዬ ነበር። ቂል ነበርኩ።

ነገሩን ኋላ ነው የሰማሁት። አባቴን ወባ በጥቂት ቀን አጣድፎ ገድሎታል። መምህሩ እኔን ጠመኔ አምጪ ብሎ ልኮ፣ ፈተናው እስኪያልቅ ማንም ትንፍሽ እንዳይል ለክፍሉ ተናግሯል። እኛ ዘንድ መርዶ ዝም ብሎ አይነገርም፤ ሰዓት አለው፣ የሚነግር ሰው አለው። ፈተና የደረሰበት ልጅ ደግሞ ፈተናውን ሳይጨርስ መርዶ አይነገረውም። ክፍሉ በሙሉ አፉን ዘጋ። አንዲት ልጅ ግን የዚያን ቀን አልነበረችም።

እሷ ከእኔ ጋር አንድ ዴስክ ላይ የምትቀመጥ የበርታ ልጅ ናት። ቤተሰቦቿ ጋ ሰንብታ ስትመለስ በእኛ መንደር በኩል አልፋ ድንኳን አይታለች፤ የማን እንደሆነም ጠይቃለች። በፈተናው የመጀመሪያ ቀን ጠዋት የትምህርት ቤቱ በር ላይ አገኘችኝና ሁለት እጄን ያዘች።

"አባትህ ሞተ ሰማሁ" አለችኝ፤ አማርኛዋ ሴቱንም እንደ ወንድ ነው የሚጠራው። "አላህ የርሐሙ። ለምን ፈተና መጣህ?"

እነሱ ዘንድ ሞት አይደበቅም። ሰው ሲሞት ወዲያው ይነገራል፣ በቶሎ ይቀበራል፣ ዱዓ ይደረግለታል። አለማወቄን ከየት ታውቀው? ፊቴን ስታይ ገባት፤ እጄን ግን አልለቀቀችም።

ደወሉ ተደወለ። ያሰብኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አሁን ካለቀስኩ ወደ መንደር ይወስዱኛል፣ ፈተናው ያልፈኛል፣ ለከርሞ ደግሞ ዱቄት ጭኖ የሚመጣ የለም።

"ማወቄን ለማንም እንዳትነግሪ" አልኳት።

"አባት ነው። አታለቅስም?"

"አለቅሳለሁ። ስጨርስ።"

ግራ ገባት፤ ቢሆንም ለማንም አልተናገረችም። የጠዋቱ ፈተና ሂሳብ ነበር። አንዱን ጥያቄ ደጋግሜ አነባለሁ፤ መሃል ላይ አህያዋን አሁን ማን ያበላታል የሚል ሐሳብ ይመጣብኛል። እንደምንም ጨርሼ ስወጣ ልጅቷ አክስቷ ቤት ወሰደችኝ። ጓሮ ማንጎው ሥር ቁጭ ብዬ እስኪበቃኝ አለቀስኩ። አክስትየዋ ዝም በይ አላለችኝም። ገንፎ በባምያ ወጥ አበላችኝ፣ ፊቴን አስታጠበችኝ፣ ሄድኩ። ቤት ስደርስ አብራኝ የምትኖረው ልጅ ዓይንሽ ምን ሆነ አለችኝ። ንባብ ነው አልኳት።

አላመነችኝም። "ጠርጥራለች መሰለኝ" ብላ መንደር መልእክት ልካለች። በማግስቱ ከፈተና ስወጣ እናቴ በሩ ላይ ቆማለች።

የለበሰችው የጎረቤታችንን የዓመት በዓል ቀሚስ ነው፤ አበባ አበባ ያለበት፣ ለእናቴ የሚሰፋት። ሻሿን እስከ ቅንድቧ አውርዳዋለች፤ ከሥሩ ፀጉር እንደሌለ አውቄያለሁ። ጉንጯ ላይ ጭረት አለ።

"ምን ሆነሽ ነው?" አልኳት።

"የአጥር እሾህ ቧጭሮኝ ነው" አለች።

ባሏን በቅርብ የቀበረች ሴት ከሏን አውልቃ፣ አበባ ለብሳ ከተማ መሃል መታየት በእኛ ዘንድ ነውር ነው። የመንደሩ ሴቶች ምን እንዳሏት እስከ ዛሬ አላውቅም። ያመጣችውን ማንጎ ይዘን የትምህርት ቤቱ ግንብ ሥር ተቀመጥን፤ እሷ ትልጣለች፣ እኔ እበላለሁ። ስለ አባቴ ካልጠየቅኳት ማወቄን ታውቃለች። ስለዚህ ጠየቅኳት።

"አባዬስ?"

"ደህና ነው። ዘሩ አላንቀሳቅስ ብሎት ነው የቀረ። አብሽሪ፣ በርትታ ትፈተን ብሎሻል።"

"ቅዳሜ ይመጣል?"

"ይመጣል።"

ይህን ስትል ማንጎ መላጧን አላቋረጠችም። እንደዚያን ሰዓት እናቴን ወድጃት አላውቅም። ጭኗ ላይ ተደፍቼ ማልቀስ አማረኝ፤ ማንጎዬን በላሁ። ስትነሳ "ሰላም በይልኝ" አልኳት። እሺ ብላ ሄደች።

መርዶው በወጉ የተነገረኝ ፈተናው ባለቀ ማግስት፣ ጎህ ሲቀድ ነው። አጎቴ፣ መምህሩ፣ የክፍሌ ልጆች ግቢውን ሞልተውታል። እናቴ ከሏን መልሳ ለብሳ መሃላቸው ቆማለች። እንባ እምቢ ቢለኝስ ብዬ ፈርቼ ነበር፤ ፍርሃቴ ከንቱ ነበር። መሬት ላይ ስንከባለል ያቺ የበርታ ልጅ ጎኔ ቁጭ አለችና ጆሮዬ ላይ ጠጋ ብላ "አሁን አልቅስ" አለችኝ። "ጨረስህ።"

ፈተናውን አለፍኩ፣ መምህርም ሆንኩ። እናቴ ዛሬ ከእኔ ጋር ነው የምትኖረው። ስለ አባቴ ሞት ብዙ አታወራም። ለቅሶ ቤት ሴቶች ተሰብስበው የመርዶ ወሬ ሲጀምሩ ግን ቀና ትላለች።

"እኔ እኮ ልጄን አታልያታለሁ" ትላቸዋለች። "ቀሚስ ተውሼ ሄጄ፣ ማንጎ ልጬ አብልቼ ተመለስኩ። ፍንጭ አላገኘችም።"

ከዚያ ወደ እኔ ትዞራለች። "አግኝተሽ ነበር?"

"ኧረ እኔ እቴ" እላታለሁ። "ምን አውቄ።"