የላፕቶፑን ዘመን ያሳሳትሁት እኔ ነኝ

ማክሰኝት ገበያ ሽምብራ እየሰፈርሁ ነው አደጋው የገባኝ። ክላሽ ያነገተ ሰው መጥቶ ከፊቴ ቆመ። በዓይን አውቀዋለሁ፣ ቃል ተለዋውጠን ግን አናውቅም። ጣሳየን አንሥቸ ስንት ልስፈርልህ ስለው አንድ እፍኝ ሽምብራ ዘገነና ወደ አፉ እየወረወረ፣

«አይስፈሩልኝ አማቴ፤ ቤት ስመጣ ይሰጡኛል» አለኝ።

አጠገቤ ሽንኩርት የሚሸጡት ሴቶች ሳቁ። እኔም የሳቅሁ ይመስለኛል፣ ሰው ሲደነግጥ ይስቅ የለ። ጣሳው ግን ከእጄ ወደቀ። ያለችኝ አንዲት ሴት ልጅ ናት፣ ማስተዋል ትባላለች፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። አባቷ ሞቷል፣ ወንድም የላትም። እኛ ዘንድ ጠመንጃ የያዘ ሰው በገበያ መካከል አማቴ ካለሽ እየጠየቀሽ አይደለም፣ እየነገረሽ ነው። እምቢ ካልሽ ልጅሽን መንገድ ላይ ጠልፎ ይወስዳታል፣ ከዚያ በኋላ ሽማግሌ ልኮ ያስታርቅሻል።

ሽማግሌዎቹ ዘንድ እኔው ቀድሜ ሄድሁ። አንዱ ልጅቱ ደርሳለች፣ ሰውየው መሬት አለው፣ ምን ያስለቅስሻል አለኝ። ሌላው በዚህ ጊዜ ባለ ጠመንጃ አማች ማግኘት ዕድል ነው አለ። በልጄ ክርስትና ቀን ጠላየን የጠጡ ሰዎች ናቸው። እስካሁን ሳስበው ጥርሴን ያፋጨኛል።

ማስተዋል ጎበዝ ተማሪ ናት። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈትና ከፍ ያለ ነጥብ ስላመጣች ላፕቶፕ ሸልመዋት ነበር። ቤት ይዛው የገባች ቀን ከፍታ አሳየችኝ። እኔ የተማርሁት ሁለተኛ ክፍል ድረስ ነው፣ የፈረንጅ ፊደል አላውቅም፤ በቁጥር ግን ማንም አያታልለኝም፣ ነጋዴ ነኝ። ከታች ጥጉ ላይ ያለውን ቁጥር ባየው ዓመቱ ሰባት ዓመት ወደፊት ሄዷል፣ ሰዓቱም ከግድግዳው ሰዓት ጋር አይገጥምም። አስተካክይው አልኋት። የፈረንጅ አቆጣጠር ነው እማየ አለችኝ። ታዲያ የተቀመጠው ፈረንጅ ቤት ነው ወይስ እኔ ቤት ብየ ተቆጣሁ፤ ከዚያ ሁሉ ነገር ውስጥ እኔ ማንበብ የምችለው ያን ብቻ ነው፣ እሱም ሐሰት ሊሆን ነው? ልጄ ታዛዥ ናት፣ ዓመቱንም ሰዓቱንም እንደ እኛ አደረገችው። ይህን ነገር ያዙልኝ፣ ኋላ እመለስበታለሁ።

መምህሯ ደቡብ ወዳለ የነርስ ኮሌጅ አመልክቶላት ነበር። ማደሪያ ያለው፣ አጥር ያለው ኮሌጅ ነው። ያን ሰሞን ሌላ ተስፋ አልነበረንም።

በጠራራ ፀሐይ ወጣን። ቢጫ ጀሪካንና ብርድ ልብስ ይዘን ለሚጠይቀን ሁሉ ጸበል ነው አልን፤ ጸበል ለሚሄድ ሰው ዕቃህ ለምን በዛ የሚል የለም። ላፕቶፑን በነጠላየ ጠቅልየ በበሶ ስልቻ ውስጥ ቀበርሁት። ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው መንገድ ላይ የሰውየው ጓደኞች መኪና እያስቆሙ ያያሉ። ስለዚህ ለባሕር ዳር ጀርባችንን ሰጥተን ወደ አዘዞ፣ ከአዘዞ ጎርጎራ ወረድን፣ ከዚያ የዕቃ ጀልባ ከሽንኩርት ጆንያ ጋር ጫነን። እኔ ውኃ ጠጥቸ እንጂ ውኃ ላይ ተቀምጨ አላውቅም። ጣና መሬት የለውም እንዴ እስክል ድረስ አያልቅም። ጀልባ ነጂው ማስተዋልን እያየ ይህን በሶ እንደ ሕፃን አቀፍሽው፣ ያለቅሳል እንዴ እያለ ይቀልድባታል። እኔ ዓይኔን ጨፍኘ የማውቀውን ታቦት ሁሉ እጠራለሁ።

ባሕር ዳር ስንገባ ሙቀቱ እንደ ምድጃ አፍ ተቀበለን። ማክሰኝት ማታ ጋቢ ያስደርባል፤ እዚህ አንሶላ እንኳ ይከብዳል፣ ቢንቢው ደግሞ ደም መላሽ የሌለው ወንበዴ ነው። የዓሣው ወጥ መልካም ነው አልክድም፣ የእኛን አገር ሽሮ ግን የሚያህል የለም። ዱቄት ይሸጡልሻል፣ ሽምብራው የት እንደበቀለ የሚነግርሽ የለም።

ቤት ያገኘሁት ዘንዘልማ ነው፣ እትየ ሙሉ ከሚባሉ ሴት። መጀመሪያ የነገሩኝ የማይፈቀደውን ነው፤ እንግዳ አይፈቀድም፣ ከሰል አይፈቀድም፣ ልብስ ማጠብ ቅዳሜ ብቻ። ልተንፍስ ወይ ልላቸው ፈልጌ ነበር። እሳቸው ላይ ግን አልፈርድም፣ ሞኟ እኔ ነኝ። ዘንዘልማ ከጎንደር የሚመጣው መንገድ ላይ እንደሆነ ያወቅሁት ዕቃየን ካስገባሁ በኋላ ነው። ከማክሰኝት የሚነሣው መኪና ሁሉ በደጃፋችን ያልፋል። ከአንበሳ ሸሽቸ አንበሳው ውኃ ለመጠጣት የሚወርድበት መንገድ ላይ ተኛሁ።

መታወቂያ ላውጣ ብየ ቀበሌ ሄድሁ። ጸሐፊው ቀና ብሎ ሳያየኝ መሸኛ ያምጡ አለኝ። ከቀድሞው ቀበሌሽ ለቅቀሽ መውጣትሽን የሚመሰክር ደብዳቤ ማለቱ ነው። ደብዳቤውን የሚጽፈው የዚያ ሰውየ አጎት እንደሆነ፣ ከጠየቅሁት ያለሁበትን ማወቁ እንደማይቀር ነገርሁት።

«መሸኛ ከሌለዎት እዚያው ነዎት ማለት ነው» አለኝ።

«እዚህ የቆምሁትስ ማን ነኝ?»

«እሱን ለማወቅ እኮ ነው መሸኛ የምንጠይቀው።»

እንዲህ እያልን ወር አለፈ። አንድ ማክሰኞ በማስተዋል ትንሽ ስልክ መልእክት ገባ። ኮሌጁ ተቀብሏታል። እስከ ዓርብ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ ግን ገጻቸው ላይ ገብታ ማረጋገጫውን መሙላትና ወረቀቶቿን መላክ አለባት፤ ካልሆነ ቦታዋ ለሌላ ይሰጣል። ወረቀቶቹን መምህሯ በላፕቶፑ ውስጥ አስቀምጦላታል። ያን ሰሞን የሞባይል ዳታ የለም፣ ያለው የሆቴል ዋይፋይ ነው። ነገ ዛሬ ስንል ሐሙስ ማታ እትየ ሙሉ በሬን አንኳኩ። ፊታቸው በርቷል።

«አንቺ፣ ሰው እንዳለሽ ለምን ደበቅሽኝ? እሑድ ሽማግሌ ይመጣልሻል። ስልክ ደውለው ነገሩኝ፣ ዳቦ እደፋለሁ ብያለሁ።»

አንድ የመኪና ረዳት ደጃፍ ላይ ስንቀመጥ አይቶን፣ የእትየ ሙሉን ስልክ ከጎረቤት ጠይቆ ነው ለሰውየው የነገረው። እትየ ሙሉን ምን ብየ ልቆጣቸው? ለእሳቸው ሽማግሌ ደስታ ነው። ደስታቸው ግን ሌሊቱን ሙሉ አንገበገበኝ።

ዓርብ ከምሳ በኋላ ባጃጅ ይዘን ሐይቁ ዳር ወዳለ ትልቅ ሆቴል ሄድን። ዘበኛው ስልቻውን ፈትሾ እጁ በሶ በበሶ ሆነ፤ ቦምብ ይሆን እህል ይሆን ግራ ገብቶት አሳለፈን። አስተናጋጇ ሳትታዘዙ ዋይፋይ የለም አለችን፣ ሻይ አዘዝን። ኮዱን ደረሰኙ ጀርባ ላይ ጻፈችልን።

ማስተዋል እንዳስረዳችኝ ዋይፋዩን መያዝ ብቻ አይበቃም። መጀመሪያ አንድ ገጽ ይወጣል፣ እንደ በር ዘበኛ ነው፤ እሱ ላይ ኮዱን ሞልተሽ ነው የሚያስገባሽ። ዋይፋዩ ተያዘ። ገጹ ግን እምቢ አለ። ነጭ ሆኖ መጣና የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አወጣ።

«ምን ይላል?»

«ሰዓትሽ ወደኋላ ቀርቷል ይላል እማየ።»

የላፕቶፑን ሰዓት አየን፣ ስምንት ከሃያ። አስተናጋጇ ስልኳን አይታ ስምንት ከሃያ አለችን። ጎናችን የተቀመጡትን ሰውየ ጠየቅኋቸው፣ እጃቸውን ገልጠው ስምንት ከሃያ ሁለት አሉኝ። ታዲያ የማን ሰዓት ነው ወደኋላ የቀረው? አጥፍታ አበራችው። ያው ነው። ዋይፋዩን ለቅቃ ያዘችው። ያው ነው። ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። ልጄ ከንፈሯን መንከስ ጀመረች፣ እኔ ደሜ መፍላት።

ተነሥቸ እንግዳ መቀበያው ጋ ሄድሁ። ከረባት ያሰረ ጎረምሳ ነው።

«ልጄ፣ ገጻችሁ አልከፍት አለን፣ መጥተህ እይልን።»

«ማዘር፣ ዋይፋዩ ይሠራል። ይኸው ሰው ሁሉ እየተጠቀመ ነው።»

«ለእኛ ብቻ ነው ታዲያ የተጣላው?»

«ማሽኑ አርጅቶ ይሆናል።»

«ማሽኑስ ገና ልጅ ነው፣ ያረጀሁት እኔ ነኝ።»

ሳቀ፣ አልተነሣም። ተመልሸ ተቀመጥሁ። ዘጠኝ ተኩል አለፈ። በዚያች ሰዓት ያላማሁት የለም። ክላሽ ያነገተውን፣ ዕድል ነው ያለኝን ሽማግሌ፣ ባለ ከረባቱን፣ ሰዓት የማያውቀውን ላፕቶፕ። ልጄን ጠመንጃ እየፈለጋት እኔ አንድ ነጭ ገጽ ፊት ተንበርክኬ እለምናለሁ። አባቷ ቢኖር እላለሁ፣ ቢኖርስ ምን ያውቃል።

ኮዱን ተሳስተን እንደሆነ ልይ ብየ ደረሰኙን አነሣሁ። ጀርባው ላይ ኮዱ አለ። ገለበጥሁት። ፊቱ ላይ የሻዩ ነገር፣ ከላይ ደግሞ ቀን። ቀኑን ሳነብ ዓመቱ ሰባት ዓመት ወደፊት ሄዷል። ይህን ቁጥር የት ነው የማውቀው? የመሬት መንቀጥቀጥ ይመስል ከሥሬ አንድ ነገር ተነቃነቀ።

«ማስተዋል፣ ይህ የፈረንጅ ዓመት አይደለም?»

«ነው።»

«ዕቃውስ ላይ ያለው?»

ልጄ ወደ ጥጉ አየች። ከዚያ እኔን አየች። በየቀኑ እያየችው ዓይኗ ለምዶት ረስታዋለች፤ ያስቀየርኋት እኔ ነኝ። ገጹ እውነቱን ነበር፣ ወደኋላ የቀረው ደቂቃው ሳይሆን ሰባት ዓመት ነው። ዓመቱን ወደ ፈረንጅ መለሰችው፣ ሰዓቱንም ስድስት ሰዓት አዞረችው። ገጹ ወዲያው ብልጭ አለ። ቅቤ የመሰለ ገጽ፣ የሆቴሉ ሥዕል ያለበት።

ደስታየ አላደረም። ገጹ ኮዱን ተቀብሎ የክፍል ቁጥር ጠየቀ። እንደገና ወደ ባለ ከረባቱ።

«ክፍል ቁጥርዎ ስንት ነው?» አለኝ፣ እኔ ልጠይቀው የመጣሁትን።

«ክፍል ቢኖረኝ እዚህ ቆሜ እለምንህ ነበር?»

«ገጹ ለአልጋ እንግዶች የተሠራ ነው ማዘር።»

እጄን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥሁ። ድምፄን ከፍ አላደረግሁም፣ እንዲያውም ዝቅ አደረግሁት። «ስማኝ ልጄ። ልጄን ሊጠልፋት የሚፈልግ ሰው አለ። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ይህ ገጽ ካልከፈተልን እሑድ ይወስዳታል። እኔ ከዚህ ጠረጴዛ አልነቃነቅም። ከፈለግህ ዘበኛ ጥራ፣ እጁ ገና በሶ ነው።»

ወደ ልጄ አየት አደረገና፣

«ዜሮ ይጻፉበት» አለ።

«ምን?»

«ክፍል የሌለው ሰው ዜሮ ይጽፋል። ያስገባል።»

ዜሮ! ሁለት ሰዓት ሙሉ ደሜ የፈላው ለዜሮ ነው። ልመርቀው ይሁን ልረግመው ሳልወስን ሮጥሁ። ማስተዋል ዜሮ ጻፈች፣ ገባ። ወረቀቶቹ አንድ በአንድ ሲሄዱ እኔ የስልቻውን ጫፍ ይዠ ነበር። ለአሥራ አንድ ሩብ ጉዳይ ሲሆን ኮሌጁ ተቀብለናል የሚል መልስ ላከ። ያን ጊዜ ነው ሐይቁ ፊት ለፊታችን እንዳለ ያየሁት። አንድ ታንኳ ቀስ እያለ ያልፋል። ሻያችን ቀዝቅዟል፣ ሁለቱንም እኔ ጠጣኋቸው።

ቅዳሜ ማለዳ ልጄን ከመነኻሪያ ወደ ደቡብ አሳፈርኋት፣ በዚያ መንገድ እሱ ሰው የለውም። እሑድ ሽማግሌዎቹ መጡ፣ አራት ናቸው፣ ሁለቱ እነዚያው ጠላ የጠጡት። የእትየ ሙሉን ዳቦ ቆረሱ። ትልቁ ልጃችሁን ለልጃችን ብሎ ሲጀምር ቆሜ አቋረጥሁት፤ ሽማግሌ ሲናገር ማቋረጥ ነውር እንደሆነ አውቃለሁ።

«ልጅቱ የለችም አባባ። ኮሌጅ ገብታለች። የት ነው ካሉኝ አልነግርዎትም። ዳቦውን ግን ይብሉ፣ እትየ ሙሉ ደክመውበታል።»

እትየ ሙሉ ቤቴን አዋረድሽ ብለው በሳምንቱ አስወጡኝ። እዚያው ባሕር ዳር ፋሲሎ የሚባል ሰፈር ውስጥ ሌላ ቤት አገኘሁ፣ ከመንገድ ገባ ያለ። ማስተዋል የደወለችልኝ ዕቃ ሳወጣ ነው። ገባሁ እማየ አለችኝ። በሩ ላይ ጥበቃ አለ፣ ስሙንና መታወቂያውን ሳያስመዘግብ ማንንም አያሳልፍም አለችኝ። ያን በር መረቅሁት። መጠየቅስ እንዲህ ነው።

ባለፈው እህቴ ከማክሰኝት ደወለች። ቤቴ እንደተቆለፈ ነው፣ ሽምብራው ዘንድሮ ያማረ ነው አለች። ሽታው በስልኩ የመጣ መሰለኝ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ያ ሰውየ ሌላ ገበያተኛ ሴትን «አማቴ» እንዳላት ነገረችኝ። አውቃታለሁ፣ ሽንኩርት ትሸጥ ነበር፣ ያን ቀን ከሳቁት አንዷ ናት። የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ አለቻት። ንዴቴ በረደ ስል እንደገና ነደደ።

ለእህቴ ቁጥሬን ስጫት አልኋት። ጀሪካን ትያዝ፣ ጸበል ነው ትበል፣ በጎርጎራ ትምጣ። ዘንዘልማ ቤት አትከራይ። ላፕቶፕ ካላቸው ዓመቱን አትንኪው በያት። ገጹ ክፍል ከጠየቃቸው ዜሮ ነው። ፋሲሎ ያለው ቤቴ አንድ ክፍል ነው፣ ለአራት ሰው ይበቃል።

ልጄ ማንም በማይደርስባት ቦታ ናት። እኔም በሬን ዘግቸ እተኛለሁ። ደርሰናል፣ ደህና ነን።